ለላሟ ጥጃዋ፣ ለመጽሐፉም ቅጂው

ይህ የአየርላንድ አባባል፣ ጥጃ የላሚቱ ባለቤት ሀብት እንደሆነ ሁሉ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ቅጂም ለመጽሐፉ ባለቤት ይገባል ማለት ነው። ዛሬም የቅጂ መብት ክርክር ሲነሣ ይጠቀሳል።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ መነኩሴው ኮሎምባ የመምህሩን የፊኒያንን ዳዊት ሳያስፈቅድ ገለበጠ። መምህሩ ቅጂውን ሲጠይቀው፣ መጽሐፉ በመገልበጡ የጎደለው ነገር የለም ብሎ ስለ ተሟገተ ጉዳዩ ከንጉሥ ዲያርማት ችሎት ቀረበ። ከብት የሀብት መለኪያ በሆነበት አገር ንጉሡ በላምና በጥጃ መስሎ ለፊኒያን ፈረደ፤ ለነገሩ የአየርላንድ ብራና የሚዘጋጀው ከጥጃ ቆዳ ስለነበር ምሳሌው ከጉዳዩ ብዙም አልራቀም። በ561 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኩል ድሬቭነ ጦርነት መንስኤ ይኸው ፍርድ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ተሟልቶ የሚገኘው በ1532 በተጻፈው የኮሎምባ ገድል ውስጥ በመሆኑ፣ እኔ ከታሪክ ይልቅ ወደ ትውፊት አስጠጋዋለሁ።

ኮሎምባ በ563 ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በአዮና ደሴት ገዳም መሠረተ። ቫይኪንጎች በ806 በደሴቲቱ 68 ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ግን መነኮሳቱ በአየርላንድ ሚዝ በተባለው አውራጃ በምትገኘው በኬልስ መጠጊያ አበጁ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም በ814 ተፈጸመ። ወደዚህች ትንሽ ከተማ የሚሄድ ሰው በኮሎምባ ስም የሚጠራውን፣ ጣሪያው ሳይቀር በድንጋይ የተሠራ ቤት፣ አዳምና ሔዋን እንዲሁም ዳንኤል በአንበሶች መካከል የተቀረጹበትን ታላቅ የድንጋይ መስቀልና 26 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ክብ ማማ ያያል። የሌሎቹ ማማዎች ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ አራት መስኮት ሲኖረው የኬልሱ አምስት አለው።

አባባሉን ከኬልስ ጋር የሚያቆራኘው ግን ከሕንፃዎቹ ይልቅ መጽሐፍ ነው። ያ አከራካሪ ቅጂ እንደሆነ የሚነገርለትና እስከ ዛሬ 58 ቅጠሎቹ የተረፉት ዳዊት፣ በ11ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ በብር የተለበጠ ሣጥን የተሠራለት በኬልስ ባለሙያ እጅ ነው። የከተማዋን ስም ዓለም ያወቀበት፣ 680 ገጽ ያለውና በኅብረ ቀለም ያጌጠው የኬልስ ወንጌልም ለዘመናት እዚያው ኖሯል። በ1007 ተሰርቆ የወርቅ ልባሱ ተገፎ በአፈር ተሸፍኖ ተገኝቷል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ለጥበቃ ወደ ደብሊን ተወስዶ በትሪኒቲ ኮሌጅ ቀረ። ዛሬ በኬልስ ለጎብኚ የሚታየው የወንጌሉ ቅጂ ነው፤ ላሟ ደብሊን፣ ጥጃዋ ኬልስ።