የሞለኪውሎች ራስን ማደራጀት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ገበያ የተገዛ ማር ቤት ውስጥ ሲቆይ ይረጋል። ብዙ ሰው ያኔ «ስኳር ተጨምሮበታል» ብሎ ሻጩን ይጠረጥራል። ማር ስለረጋ ብቻ እንዲህ ማለት በደል ነው። ንጹሕ ማርም ይረጋል።

ማር ውስጥ ያለው ውሃ ግሉኮስ የሚባለውን የማሩን ስኳር ሁሉ አሟሙቶ ለመያዝ አይበቃም። የተረፉት ሞለኪውሎች አንድ የአበባ ብናኝ ዙሪያ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ከዚያ ሌሎቹ እየመጡ በተራ በተራ ይሰለፋሉ። ክሪስታል የሚባለው ይህ ነው። 14 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ፈጠን ይላል። ማንም አልደረደራቸውም፤ ያሰለፋቸው የራሳቸው ቅርጽና መሳሳብ ነው። ሞለኪውሎች እንዲህ አደራጅ ሳይኖራቸው ሥርዓት ሲይዙ ራስን ማደራጀት ይባላል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ የትስስሩ ድካም ነው። እዚህ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ውሃን ብንወስድ፣ ሞለኪውልን ከሞለኪውል የሚያያዘው ይህ ትስስር፣ በሞለኪውሉ ውስጥ ኦክስጅንን ከሃይድሮጅን ከሚያጣብቀው በ20 እጥፍ ያህል ይደክማል። ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው። ቦታውን የሳተ ሞለኪውል በቀላሉ ይላቀቅና እንደገና ይሞክራል። ትስስሩ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ይቀር ነበር። ውጤቱም ዝብርቅርቅ ይሆናል።

የጣና ዳር ደንገልም ከዚሁ ከግሉኮስ ነው የሚጀምረው። ሴሉ ግሉኮሶችን በኢንዛይም ቀጣጥሎ ሴሉሎስ የሚባል ረጅም ሰንሰለት ያወጣል። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን ተኝተው ይያያዛሉ፤ 3 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው ክሪስታላዊ ክር ይወጣቸዋል። አንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር ነው። ክሮቹ ጥቅል፣ ጥቅሎቹ የሴል ግድግዳ፣ ግድግዳዎቹ ታንኳ የሚሠራበት አገዳ ይሆናሉ። ባለ እርከን መዋቅር ማለት ይህ ነው፦ የታችኛው ደረጃ ውጤት ለላይኛው መሥሪያ ይሆናል። ትስስሩ አንድ በአንድ ደካማ ቢሆንም ብዛቱ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ደንገል እንደ ስኳር ውሃ ውስጥ አይሟሟም።

እርግጥ ደንገሉን ሕያው ሴል ይመራዋል። ሴል ባይኖርስ? በ1955 እ.ኤ.አ. ፍሬንክል-ኮንራትና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘንግ የሚመስለውን የትምባሆ ቫይረስ ፕሮቲንና አርኤንኤ (የዘር መረጃውን የያዘውን ሞለኪውል) ለያዩት። ከዚያ መልሰው አንድ ላይ ቀላቀሉት። እያንዳንዱ የቫይረስ ዘንግ ከ2,000 በላይ የፕሮቲን ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹ አርኤንኤውን እንደገና ከበው ዘንጉን ሠሩት። የተሠራውም ቫይረስ የትምባሆ ቅጠልን መልሶ አሳመመ።