«ሮምን በአንድ ቀን እንጨርሳታለን» ለምትሉኝ ሁሉ

«አንድ ቀን አለችን፤ ሮምን ጨርሰን እንሄዳለን።» ይህን ያልሰማሁበት ወር የለም። ሮም ከኖርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንጀራዬም እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም የሚመጣውን ወገን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እቀበልና ይዤ እዞራለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ስልኩ ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ቤተ መቅደስ፣ የስፔን ደረጃዎች፣ እያለ ይቀጥላል።

ባለፈው ሐምሌ ከአሜሪካ የመጡ ቤተሰብ ነበሩ። አባትየው 11 ቦታ ጽፈዋል። «ጋሼ፣ ግማሹን እንተወው» ብላቸው «ሁለተኛ የምንመጣ ይመስልሻል?» አሉኝ። ሐሳባቸው ገብቶኛል፤ ግን ቀኑን የበላው እሱ ነው። ቲኬት ቀድመው ስላልቆረጡ ኮሎሲየም በር ላይ ፀሐይ ሲጠብሰን አረፈድን። ከዚያ «ጊዜ የለም» ተብሎ ሮማን ፎረምን፣ የጥንቷን ሮም አደባባይ ፍርስራሽ፣ ሳናየው በታክሲ ወደ ቫቲካን በረርን። ፎረሙ እኮ በዚያው በከፈሉበት ቲኬት የሚታይ ነው! ቫቲካን ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ትሬቪ ስንደርስ የእናትየው ሰንደል ተበጥሶ በእጃቸው ይዘውታል። ልጆቹ ለፏፏቴው ጀርባቸውን ሰጥተው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለዋል። ማታ ትንሿን ልጅ ምን እንደወደደች ጠየቅኋት። ኮሎሲየምን አላነሳችም። ያነሳችው መንገድ ላይ ውሃ የጠጣችበትን ቧንቧ ነው።

ስለዚህ ደግሜ ልበለው። ሮም በአንድ ቀን አታልቅም። አንድ ቀን ግን ብዙ ነው፣ ከተማዋን በሰፈር ከያዛችኋት። ኮሎሲየም በአንድ ጫፍ፣ ቫቲካን ከቲቤር ወንዝ ማዶ በሌላው ጫፍ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ማለት ሁለቱንም በሩጫ ማየት ነው። እኔ የምለው ይህ ነው። ጠዋት በኮሎሲየም ጀምሩ። ከዚያ ወደ ፎረሙ ግቡና አትቸኩሉ። የቲቶ ቅስት ሥር ቁሙና ወደ ውስጥ ቀና በሉ። የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረኩትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጾ ታያላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው እዚያ ቅርጽ ፊት ዝም ሲል በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ካፒቶል ኮረብታ ውጡ፤ አደባባዩን የነደፈው ሚኬላንጄሎ ነው። በእግር ወደ ፓንቴዮን፣ ፒያሳ ናቮናና ትሬቪ ሂዱ። ታክሲ አያስፈልግም። ቫቲካንን ለሌላ ቀን ተዉት። ሌላ ቀን ከሌለ ደግሞ አንዱን ምረጡ። የመረጣችሁት ይታወሳችኋል።

ጫማ! መንገዱ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ሳምፒየትሪኒ ይሉታል። በድንጋዮቹ መሃል ክፍተት አለ። ተረከዝ ያለው ጫማ እዚያ ገብቶ ይቀራል፤ አዲስ ጫማም ውሃ ያስቋጥራል። ያረጀውን፣ የለመዳችሁትን አድርጉ።

ከአገር ቤት ለምትመጡ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቲኬቱ ላይ 9:00 የሚለው ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ቲኬት ያቃጠለ እንግዳ አጋጥሞኛል። የኮሎሲየም ቲኬት ስም ስላለበት ፓስፖርትም ያዙ።

«ንጉሡ ኔሮ ክርስቲያኖችን ኮሎሲየም ውስጥ ለአንበሳ አስበላ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ኔሮ የሞተው በ68 ዓ.ም. ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኮሎሲየምን ያስጀመረው ከእሱ በኋላ የነገሠው ቬስፓስያን ነው፤ የተመረቀው በልጁ በቲቶ ዘመን በ80 ነው። የተሠራውም ኔሮ ለቤተ መንግሥቱ ባስቆፈረው ሐይቅ ቦታ ላይ ነው። ኔሮ ክርስቲያኖችን ማሳደዱ እውነት ነው። ቦታው ግን ሌላ ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የተሰቀለው ዛሬ ቫቲካን ባለበት አካባቢ እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል።

«ፓንቴዮን ጣሪያው ክፍት ቢሆንም ዝናብ አይገባም።» ይገባል። ለዚህ ነው ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ያሉት። ከ2023 ጀምሮ መግቢያው በክፍያ መሆኑንም እወቁ።

ቫቲካንን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ይቀላቀላሉ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ ነጻ ነው፤ ፍተሻውን መሰለፍ ብቻ ነው። ሲስቲን ጸሎት ቤት ግን የሚገባው በቫቲካን ሙዚየም ነው። ያ በቲኬት ነው፤ በሩም የቫቲካንን ግንብ ዞሮ ራሱን ችሎ ነው ያለው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ ቦርሳችሁ ውስጥ ካለ ጨርሳችኋል።

«የመንገድ ውሃ አይጠጣም» ብላችሁ በየኪዮስኩ ፕላስቲክ አትግዙ። ያቺ ልጅ የወደደችው ቧንቧ ናዞኔ ይባላል፤ ባለ ትልቅ አፍንጫ እንደማለት ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቆመ የብረት ቧንቧ ነው፤ በከተማዋ ከ2,000 በላይ አለ። ውሃው ቀን ከሌት ይፈስሳል፣ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣታችሁ ድፈኑት። ከላይ በትንሿ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው። ቡና ደግሞ ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ። ተቀምጣችሁ ካዘዛችሁ ሒሳቡ ይጨምራል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ። «ትራንዚት ስለሆንን ወጣ ብለን ሮምን አይተን እንመለሳለን» የሚል ስልክ ይደወልልኛል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሆንም። ከአየር ማረፊያው ለመውጣት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ሳይወጡ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ በመሠረቱ የትራንዚት ቪዛ የሚጠየቅ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከትራንዚት ቪዛው ነጻ ይሆናል እንጂ ከተማ አያስገባውም። ብዙ የአሜሪካ ዘመዶቼ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እትዬ አንዷ የ10 ሰዓት ቆይታ አላት ብላ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ስጠብቃት ፓስፖርት ቁጥጥሩ ጋ መለሷት። በስልክ እያለቀሰች ነበር። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

የመጨረሻው፣ በየሳምንቱ የምጠየቀው። «የአክሱም ሐውልታችንን አሳዪን።» ሮም የለም! የሙሶሎኒ መንግሥት በ1937 አምጥቶ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ አቆመው፤ ዛሬ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ካለበት ሕንጻ ፊት ለፊት። ጣሊያን እንድትመልስ በ1947ቱ የሰላም ስምምነት ብትገደድም ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ቆሞ ተመረቀ። ቦታውን ማየት ከፈለጋችሁ ከኮሎሲየም በእግር ቅርብ ነው፤ እኔ ሁሌም አሳልፋለሁ። ሌላ ሐውልት ግን «የኛ ነው» ብላችሁ ፎቶ አትለጥፉ። ከተማዋ ከግብፅ በመጡ ሐውልቶች የተሞላች ናት።

ተርሚኒ ጣቢያ ስትወጡ ግን ቁሙ። የምትረግጡት አደባባይ ስሙ ቺንኩዌቼንቶ፣ «አምስት መቶ» ነው። በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት፣ ወደ 500 ለሚጠጉ የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ጥቂት እርምጃ አልፎ ዛፎች ሥር የዶጋሊ ሐውልት አለ። ዛሬ ለገሃር የቆመው የይሁዳ አንበሳ በ1930ዎቹ ተወስዶ እዚያ ሐውልት ግርጌ ነበር የተቀመጠው። መግቢያ የለው፣ ሰልፍ የለው። እንግዶቼን ሻንጣቸውን እንደያዙ መጀመሪያ የምወስዳቸው ወደዚያ ነው።