የዘፈን ርዕስ መስጠት በሰሜን ሸዋ

ሰዎች ቡና ላይ፣ ሰርግ ማግስት ወይም ረጅም መንገድ ላይ ሲሰባሰቡ አንዱ አንድ ሐሳብ፣ ማለትም ርዕስ፣ ይጥላል፤ የቀሩት በየተራ ለሐሳቡ ይስማማል የሚሉትን፣ ከሚወዷቸው አንዱን ዘፈን ያነሳሉ። አንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዱ ከስልኩ ይከፍታል፣ ሁሉም ግን ለምን ያንን እንደመረጠ ያወራል። ሐሳቡ “ክረምት ሲገባ የሚያምርህ” ሊሆን ይችላል፤ “አባትህ ሲላጭ የሚያንጎራጉረው” ወይም “ከሀገር ስትወጣ መኪናው ውስጥ የተከፈተው” ሊሆንም ይችላል። ጨዋታው ሁሉም የተስማማበት ስም የለውም፤ “ምርጫ” የሚሉት አሉ፣ “ግብዣ” የሚሉትም አሉ። እዚህ ሰሜን ሸዋ የምንለው ደብረ ብርሃንን መቀመጫው ያደረገውን የአማራ ክልል ዞን ነው። ፍቼን መቀመጫው ያደረገው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ የራሱ ሰፊ የዘፈን ዓለም ስላለው በአንድ አንቀጽ ልንነካካው አይገባም።

ጨዋታው ከስልክ ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው አዝማሪ ቤት ያልገባ ነው። አዝማሪው ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ጅማት ያላትን ማሲንቆውን ይዞ በእንግዶቹ መሃል ሲዘዋወር፣ እንግዳው “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስንኝ መቋጠር ያልሆነለት ርዕስ ብቻ ይሰጣል፤ “ስለ አገሬ ልጆች በል”፣ “ይቺን ልጅ አወድስልኝ”፣ “ይሄን ወዳጄን ትንሽ ንካው” ይለዋል። አዝማሪው ርዕሱን ይዞ ከሚያውቀው ዜማ ጋር ያጋባዋል፤ ካማረለት ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፣ ካላማረ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ይስቅበታል። ሰርግም ቢሆን እንዲሁ በርዕስ የተከፋፈለ ነው። ሰርገኛ በር ላይ ሲከለከል የሚዘፈነው ሌላ፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ጉያ ስትወጣ የሚዘፈነው ሌላ፣ ሚዜዎቹ ሲሰደቡ የሚዘፈነውም ሌላ ነው። ርዕሱን የሚሰጠው ሰው ሳይሆን ሰዓቱ ራሱ ነው፤ ሰዓቱን ያልጠበቀች ዘፋኝ በአክስቶቿ ክርን ትነካለች።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ውሎ አድሮ ትራንዚስተር ገጠር ሲገባ፣ ርዕሱ ከቤት ወጥቶ ወደ ጣቢያ ተሻገረ። አድማጩ በደብዳቤ ዘፈን ይመርጣል፣ ለእገሌና ለእገሊት ይጋበዝልኝ ይላል፣ ከዚያ ደብዳቤው እስኪነበብለት ሳምንታት ይጠብቃል። በኛ ቤት የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም አውጥተን ደጃፉ ላይ ፀሐይ እናሞቀው ነበር፤ ለአንድ ሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል። የተመረጠው ዘፈን መሃል ላይ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ፣ የቀረውን ቤተሰቡ በአፉ ይጨርሰዋል። አንዳንዱን ዘፈን እስከ ዛሬ መጨረሻውን የማውቀው በእህቶቼ ድምፅ ነው።

ካሴት ደግሞ ርዕሱን በጊዜ ገደበው። የስድሳ ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ሰው የመረጣቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳል፤ ቀጂው “ይሄ አይገባልህም፣ ይቆረጣል” ይለዋል፤ ያኔ ስድስተኛውና ሰባተኛው ዘፈን ይጣላሉ። በአንድ ገጽ የመለያየት፣ በሌላው የመገናኘት ዘፈን አስቀድቶ ለሴት ልጅ የላከ ሰው አውቃለሁ። ልጅቷ የሰማችው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጨዋታ የሚሆን መሬት ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በደሴ መንገድ ጣርማ በርን አልፎ፣ ጣሊያን በሠራው ዋሻ ሾልኮ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትጠብቃለች። ጠዋት ጋቢ የደረበ ሰው ከሰዓት ሸሚዙን ይፈታል። ስለዚህ “የብርድ ዘፈን” ሲባል ደጋው መንዝ ያደገውና ሸዋ ሮቢት ያለችበት ቆላው ቀወት ያደገው አንድ ነገር አያነሱም። የመንዝ ልጅ በግ ጥበቃ ላይ ባናውን ተከናንቦ የነፋውን ዋሽንት ያስታውሳል፤ የቀወቱ ልጅ ብርድን ያወቀው ለትምህርት ደጋ ሲወጣ ነውና የመጀመሪያውን የኪራይ ቤት ሌሊት ያወራል። “የሥራ ዘፈን” ቢባልም እንዲሁ ነው፤ ጤፏ የታወቀችው ምንጃር የአውድማ ዜማ ታመጣለች፣ በሰንጋው ስም ያለው ጅሩ በሬ የሚወደስበትን ያመጣል። እናቶች ጋ ከሄዱ የወፍጮ እንጉርጉሮ አለ፤ እሱ ግን እንግዳ ፊት በቀላሉ አይወጣም። ይፋት ላይ፣ አርጎባዎች ባሉበት፣ መንዙማ ይነሳል። ፉከራና ቀረርቶ ከተባለ ደግሞ ወሬው ወደ አምስቱ የወረራ ዓመታት፣ ወደ ራስ አበበ አረጋይና ወደ ሸዋ አርበኞች መሄዱ አይቀርም፤ የአያቱን ስም ሳይጠራ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም።

ከሁሉም ርዕስ የሚከብደው ግን ቀላል የሚመስለው ነው፦ “ትዝታ”። ቃሉ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ነው። ስሜት ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም የዜማ ድምፆች አሰላለፎች፣ የአንዱ ስም ነው፤ ዘፋኞች በየዘመኑ የራሳቸውን ስንኝ እየጨመሩ የሚያዜሙት የዘፈን ዓይነትም ነው። አንዱ “ትዝታ አምጡ” ሲል የአባቱን ትዝታ የሚያመጣ አለ፣ አሥር ዓመት ያልሞላው የጭፈራ ዘፈን ከፍቶ “ይሄ የዩኒቨርሲቲ ትዝታዬ ነው” የሚልም አለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ግን እርስ በእርስ ይናናቃሉ። ክራር የሚያውቅ ሰው ካለ ነገሩ ይብስበታል፤ “ሙሉው ነው ግማሹ?” ብሎ ይጠይቃል። ቅኝቱ አምስት ድምፆች አሉት፤ በግማሹ ከአምስቱ ሁለቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላሉ፣ ያቺ ትንሽ ዝቅታ ደግሞ ያንኑ ዜማ ከናፍቆት ወደ ኀዘን ትገፋዋለች። ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ይህን በስም ባያውቀውም በፊቱ ያውቀዋል። በሙሉው ራሱን እየነቀነቀ የቆየው፣ ግማሹ ሲመጣ መሬት መሬት ያያል።

ባቲና አምባሰል ከትዝታ ይቀላሉ፤ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ በወሎ ያሉ ቦታዎችም ናቸውና፣ አንጾኪያ ወይም ኤፍራታ ያደገ ሰው ካለ የሰኞውን የባቲ ገበያ ሳያነሳ አያልፍም። አንቺ ሆዬ አራተኛው ቅኝት ነው፤ ለጨዋታው ርዕስ ሆኖ ሲቀርብ ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

እኔ በግሌ ከማንኛውም ርዕስ የምወደው “ግጥሙን ተሳስቼ ለዓመታት የዘፈንኩት” የሚለውን ነው። በአማርኛ ይህ ርዕስ ከሌላው ቋንቋ ይልቅ የሚያስቅ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ የተሳሳተውን ሁሉ ኅብር፣ ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ ነው ብሎ ይከራከራል። በቡልጋና በምንጃር በኩል የሚወርደውን የከሰምን ወንዝ ይዤ እኔው የቋጠርኩትን ልጥቀስ፦

ከሰም ማዶ ሆና በስሜ ብትጠራኝ፣
ወርቁ እዚያው አድሮ ሰሙ ወዲህ ቀረኝ።

አንድ ቀን ይህን ብል አንድ ዘመዴ “ከሰም” የሚለውን “ከሰመ” ብሎ ሰምቶት ኖሮ፣ ልጅቷ ሞታለች ብሎ አዘነልኝ። ወንዝ ነው ብዬ ባስረዳውም አልተመለሰም፤ “ያንተ ይበልጣል የኔ?” አለኝ። የሱ ይበልጣል።

ርዕስ ሲሰጥ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በስፋቱ ነው። “የምንጊዜም ምርጥ ዘፈን” የተባለ ምሽት በራሴ ቤት አበላሽቻለሁ፤ ሰው ዘፈን መስማቱን ትቶ ዘፋኝ መመዘን ገባ፣ ሁለት ጓደኛሞች ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተነስተው ሄዱ። ስሜቱን በስሙ የሚጠራ ርዕስም እንዲሁ አይረዳም፤ “የሚያሳዝን ዘፈን” ሲባል ሁሉም ያንኑ የታወቀውን ያመጣል። ቦታ ወይም ሰዓት ወይም ሰው የያዘ ርዕስ ግን ሰውን ሳያውቀው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። “ጣርማ በር ላይ መኪና ተበላሽቶ ሳለ የሰማኸው” ስንል፣ መኪና ያልተበላሸበት እንኳ የሚያወራው አያጣም።

ሥርዓትም አለው፣ ማንም ባይጽፈው። ታላቅ ካለ ተራው ከሱ ይጀምራል፤ እንግዳ ካለ ርዕሱን እንግዳው ይሰጣል። በሰው ተራ ዘፈን አይቆረጥም፣ የመጨረሻው ስንኝ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ድምፅ ማጉያ በሌለበት ቤት ስልኩ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ይቆማል፤ ጣሳ ከተገኘ ባስ ይጨምራል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያንጫጫብኛል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ ተማሪ ስላመጣ፣ በከተማዋ የኪራይ ቤቶች ተራው ሲዞር ወላይትኛም ትግርኛም አፋን ኦሮሞም ይሰማል። ያኔ “ለምን መረጥከው” የሚለው ጥያቄ ትርጉምም ይጨምራል።

የቀን መቁጠሪያውም ራሱ ርዕስ ሰጪ ነው። ነሐሴ 13 ለቡሄ ወንዶቹ ልጆች ዱላ እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ መስከረም 1 ልጃገረዶቹ አደይ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ በነዚያ ሰሞን ሌላ ርዕስ መስጠት ድካም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን በብዙ ቤት ዘፈን ለ55 ቀን ይዘጋል። ጨዋታው ከቀጠለ በመዝሙርና አሥር አውታር ባለው በገና ነው የሚቀጥለው፤ ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ተራው ቶሎ አይዞርም፣ በአንድ ምሽት ሦስት ሰው ቢደርሰው ነው። በኛ ቤት የፋሲካ ማግስት ርዕስ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ “በጾሙ አፌ ላይ መጥቶ የመለስኩት ዘፈን”። አምና እናቴ ተራዋ ሲደርስ ቄስ አባታችን አጠገቧ መቀመጣቸውን አይታ “ይለፈኝ” አለች፤ እሳቸው ናቸው “ግድ የለም፣ አንሺው” ያሏት።