የተሰወሩ ሰዎች ልቦለድ ምንድን ነው?

በወታደራዊ አገዛዝ ዘመን ከቤቱ ተወስዶ እንደወጣ ስለቀረ ሰው፣ ቁርጡን ሳያውቁ ስለሚጠብቁት ወገኖቹም የሚጻፍ ልቦለድ ነው። በእስር ቤት ታሪክ ሰውየው የት እንዳለ ይታወቃል፤ በጦርነት ታሪክም ይዋል ይደር እንጂ መርዶው ይመጣል። እዚህ ግን ዋናው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ያሉት ኮቱ፣ ወንበሩና ስሙ ናቸው፤ የቀረውን ደራሲው በምናቡ ይሞላዋል።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ በአርጀንቲናና በቺሊ ሥር የሰደደው በምክንያት ነው። በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1976 ሥልጣን የያዘው ጁንታ (የጦር አዛዦች ቡድን) ሰዎችን ከየቤታቸውና ከየመንገዱ እያፈሰ በድብቅ ማጎሪያዎች ያስገባ ነበር። ከማጎሪያዎቹ አንዱ ቦነስ አይረስ የሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ነው። ከታሳሪዎቹ ብዙዎቹ በመርፌ ደንዝዘው ከአውሮፕላን ወደ ባሕር ተጥለዋል። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም፣ አስከሬን የለም። ጁንታው ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው ኮሚሽን ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝግቧል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን 30,000 ያደርሱታል። የጁንታው መሪ ጄኔራል ቪዴላ በ1979 ጋዜጠኛ ሲጠይቀው፣ የተሰወረ ሰው ሞቷልም አለም እንደማይባል በአደባባይ ተናገረ።

ለእኔ የዚህ ልቦለድ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ፈጠራ የአገዛዙ ነበር። የቺሊ ወታደራዊ መንግሥት የስለላ ድርጅት በ1975 የ119 ተቃዋሚዎችን ስም ዝርዝር አወጣ፤ በውጭ አገር እርስ በርስ ተጋድለው አለቁ ተባለ። ዝርዝሩ የወጣው አንዱ አርጀንቲና፣ ሌላው ብራዚል ውስጥ በታተሙ ሁለት ኅትመቶች ሲሆን፣ ለዚሁ ተንኮል ሲባል የተዘጋጁ ነበሩ። ሰዎቹ ግን ቺሊ ውስጥ የተያዙ ናቸው። መንግሥት እንዲህ ያለ ተረት ሲጽፍ ደራሲው ማስረጃ ይዞ ሊሟገተው አይችልም፤ ማስረጃው ጠፍቷል። የተሻለ ታሪክ ከመጻፍ በቀር ምን ምርጫ አለው?

ተስፋም በዚህ ልቦለድ ውስጥ ከባድ ሸክም ነው። የልጇን ጫማ በየሳምንቱ የምትወለውል እናት አስቡ። አንድ ቀን መወልወሉን ብትተው ልጇን የገደለችው እሷ ልትመስል ነው። ይህ የደራሲ ማጋነን አይደለም። ጁንታው በ1979 የተሰወሩት እንደሞቱ እንዲቆጠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ለውርስም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ወረቀቱ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች ነበሩ፤ በየሐሙሱ በቦነስ አይረስ ፕላዛ ዴ ማዮ አደባባይ የሚዞሩት የተሰወሩት ሰዎች እናቶች ግን «በሕይወት ወስዳችኋቸዋል፤ በሕይወት መልሱልን» እያሉ እምቢ አሉ። በመስከረም 1983 በዚያው አደባባይ ሰዎች ወረቀት ላይ እየተጋደሙ የሰውነታቸው ቅርጽ በቁመታቸው ልክ ተሣለ፤ የራሳቸውን አካል ለቀረው ሰው አዋሱት ማለት ነው። ሥዕሎቹ መሬት ላይ እንዳይነጠፉ እናቶቹ አሳሰቡ፤ የተኛ ቅርጽ ሬሳ ይመስላልና። ስለዚህ በየግድግዳው ቆመው ተለጠፉ።

ደካማው ልቦለድ በዚህ ዓይነት ትዕይንት ልብ አባብቶ ያልፋል። ጎበዙ ግን ምናብ ማንንም ከማጎሪያ እንደማያወጣ አይረሳም፤ ቤተሰቡም በተስፋ ጉዳይ ሲጣላ ያሳያል። እናቶቹም ራሳቸው በኋላ ለሁለት ተከፍለዋል፤ አጥንት ተቆፍሮ ይውጣ፣ አይውጣ የሚለው ከመለያያ ነጥቦቻቸው አንዱ ነበር።

የቅርብ ጊዜዎቹ ሥራዎች ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ይዘዋል። በማጎሪያ የተወለዱ ሕፃናት ለሌሎች ቤተሰቦች፣ አንዳንዶቹም ለመኮንኖች ቤት ተሰጥተው ነበር። አያቶቻቸው ባቋቋሙት ማኅበር ፍለጋና በዘረ መል ምርመራ ከ130 በላይ የሚሆኑት ማንነታቸው ታውቋል። በእነዚህ ታሪኮች የተሰወረው ሰው በሕይወት አለ፤ መሰወሩን ያላወቀው እሱ ራሱ ነው።