ዳሎል፦ በጨው ሜዳ መካከል ሰው አልባ የቀረ ሰፈር

ዳሎል በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በአፋር ክልል፣ ከኤርትራ ድንበር ብዙም ሳይርቅ በዳናክል ረባዳ ምድር ውስጥ የሚገኝ፣ ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የሌለው ሥፍራ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው ወረዳ ግን ሕዝብ የሚኖርበት ስለሆነ፣ ሰው አልባ የሚባሉት ከጨው ሜዳው ከፍ ብሎ የሚታየው እሳተ ገሞራዊ ጉብታና በላዩ ፈርሶ የቀረው የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ብቻ ናቸው።

በዙሪያው የተንጣለለው ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በአፍሪካ ዝቅተኛ ከሆኑት ቦታዎች መካከል ይቆጠራል። ረባዳው በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። መሬቱ እየተሰነጠቀና እየሰጠመ በሄደ መጠን ባሕሩ እየገባ፣ መግቢያው ሲዘጋ ደግሞ ውኃው እየተነነ በተደጋጋሚ ጨው ስለ ተወ፣ ዛሬ ከመሬቱ ሥር ያለው የጨው ክምችት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት እንዳለው ይገመታል። ጉብታውን የፈጠረው ከዚህ ጨው በታች ወደ ላይ የገፋው ቅላጭ ዐለት ነው፤ በዚህም ምክንያት ዳሎል እንደ ሌሎቹ የአካባቢው እሳተ ገሞራዎች፣ ለምሳሌ በስተ ደቡብ እንዳለው ኤርታ አሌ፣ ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ አይታይበትም። እ.ኤ.አ. በ1926 የደረሰው ፍንዳታም የእንፋሎት ነበር፤ በጉብታው አካባቢ አንድ ጉድጓድ ከፍቶ አልፏል።

ሥፍራውን በዓለም ያስተዋወቁት ፍል ውኃዎቹ ናቸው። ወደ ታች የሰረገው ውኃ በጥልቁ ሙቀት ይግላል፣ ጨው፣ ብረትና ድኝ አሟሙቶ ይወጣል፤ ጨዋማነቱ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ስለሚያደርገው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ አሲድነቱም፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ መበርታቱን በሚያሳየው የፒኤች መለኪያ፣ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ኩሬ አለ። አዲስ የወጣው ጨው ነጭ ነው፤ በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ሲዋሐድ ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ስለዚህ የኩሬውን ዕድሜ በግምት ከቀለሙ መረዳት ይቻላል። ምንጮቹ አንዱ ሲደርቅ ሌላው በሌላ በኩል ስለሚፈነዳ፣ የአንድ ዓመት ፎቶግራፍ ለቀጣዩ ዓመት ጎብኚ እምብዛም አይጠቅመውም። ከጉብታው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የጋኤት አሌ ኩሬ በክብደት 43 በመቶ ያህል ጨው የያዘ ሲሆን፣ በምድር ላይ እስካሁን ከተለኩት የውኃ አካላት ሁሉ ጨዋማው ነው።

ጨው ከሜዳው እየተቆረጠ ወደ ደጋ ሲወጣ ብዙ ምዕተ ዓመታት አስቆጥሯል። አሞሌ እየተባለ የሚጠራው የጨው ጡብ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በደጋው ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። አርሆ የሚባሉት ጨው በግመልና በአህያ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ከበራህሌ ወደ መቐለ የሚወጡት በዚሁ ጥንታዊ መንገድ ነው፤ ጥርጊያው በአስፋልት ከተተካ ወዲህ ግን የጭነት መኪና ጉዟቸውን አሳጥሮታል። ጨው ቆራጮቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ቀዝቀዝ በሚሉት ወራት ሲሆን፣ የሚያድሩትም በዳሎል ሳይሆን በአቅራቢያው ባለው የሐመድ ኤላ መንደር ነው።

የዳሎል ሰፈር የተመሠረተው ለማዳበሪያ በሚውለው ፖታሽ ምክንያት ነው። ክምችቱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከታወቀ በኋላ ጣሊያኖች ማምረት ጀመሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጀርመን ፖታሽ ከገበያ ሲጠፋ የዳሎሉ ዋጋ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1918 ከቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከምርሳ ፋጥማ ተነሥቶ እስከ ማዕድኑ አቅራቢያ የሚደርስ ጠባብ የባቡር ሐዲድ ተጠናቀቀ። ይሁንና ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ርካሽ ምርት ከሌሎች አገሮች ስለ መጣ ሥራው እየተዳከመ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተወሰነ ጭነት ቢወጣም ሐዲዱ ከጊዜ በኋላ ተነቅሏል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ራልፍ ኤም ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስፋት ቆፍሮ ክምችቱን አጥንቷል። ሁሉም ሲወጡ ከጨው ጡብ የተሠሩት ግድግዳዎች፣ ቆርቆሮውና የዛገው መሣሪያ እዚያው ቀርተዋል።

ዳሎል ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው አማካይ ሙቀት የተመዘገበበት ነው የሚባለውም ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ክብረ ወሰኑን ያስገኘው የቀትሩ ግለት ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱም ሆነ ቀዝቀዝ የሚለው ወቅት በበቂ ስለማይቀዘቅዝ ነው፤ በአንድ ቀን ብቻ ከዳሎል የበለጠ የሞቀባቸው ቦታዎች አሉ። «የተተወች ከተማ» የሚለው ስያሜ ግን የተጋነነ ይመስላል፤ እዚህ የነበረው የኩባንያ ካምፕ እንጂ ትውልድ የተተካበት መንደር አልነበረም።

በቅርብ ዓመታት ፍል ውኃዎቹ የሳይንቲስቶችን ትኩረት ስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በጥቃቅን ሕዋሳት መልክ ሕይወት መኖሩን ሲያመለክት፣ በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አላገኘም። የፖታሽ ፍላጎቱም ዳግም ተነሥቶ የውጭ ኩባንያዎች የማምረት ፈቃድ ወስደው ነበር፤ ቅርቡ የባሕር ጠረፍ በኤርትራ በኩል በመሆኑ የመውጫ ዕቅዱ የተዘጋጀው በጅቡቲው የታጁራ ወደብ በኩል ሲሆን፣ ይህም ምርቱ ከጣሊያኖቹ ሐዲድ እጅግ የረዘመ መንገድ እንዲጓዝ ያስገድዳል።