ድባቴ ነው ወይስ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ? ምርመራው እንዴት ይለያቸዋል

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ነው እንበል። ለሥራው ግድ ማጣት ይጀምራል። ከሰው ይርቃል፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ገላውን መታጠብ ሳይቀር ይተዋል። ሐኪሙ ቀድሞ ድባቴን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ድባቴ በየቤቱ አለ። ግን ነገሩ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያም ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች ቀስ በቀስ ያመነምናል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት፣ በሽታው ባሕርያቸውን ከለወጠባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በፊት የሥነ አእምሮ ሕመም አለባችሁ ተብለው እንደነበር አሳይቷል።

ክሊኒክ ውስጥ ቶሎ የሚወጣው ከ30 የሚታረመው አጭር መጠይቅ ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ እነዚህን ሦስት ቃላት ያስታውሱ፣ ከ100 ሰባት ሰባት ይቀንሱ። ቀድሞ ማስታወስን ለሚጎዳው ለአልዛይመር በሽታ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ብዙም አይረዳም። የፍሮንቶቴምፖራል ሕመምተኛ መጀመሪያ ላይ 28 ወይም 29 አግኝቶ ሊወጣ ይችላል። ድባቴ ያለበት ሰው ደግሞ ሐሳቡን መሰብሰብ ስለሚያቅተው ዝቅ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ከ18 የሚታረም የፊት አንጎል ምርመራ ትንሽ ይሻላል። መርማሪው ጠረጴዛውን አንዴ ሲመታ ታካሚውም አንዴ ይመታል፤ ሁለቴ ሲመታ ግን እጁን ይሰበስባል። ድባቴ ያለበት ሰው ዝግ ይላል፣ ሲሳሳት ግን ይገባዋል፣ «ይቅርታ፣ ዛሬ አልሆነልኝም» ይላል። የፍሮንቶቴምፖራል ሕመምተኛው ሁለቴም ሲመታ አብሮ ይመታል፤ ስህተቱም ምንም አይመስለው። እውነቱን ለመናገር ከነጥቡ በላይ የሚናገረው ይህ ነው። ነጥቡን ብቻ ካየን ሁለቱ ሕመሞች ይደራረባሉ።

የቃላት ፈተናም አለ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን መጥራት። በአማርኛ ሲሠራ «መ» ከተባለ «ሙ» እና «ሚ» ይቆጠሩ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የታካሚው የትምህርት ደረጃም ይታሰባል። ፊደል ያልቆጠረን ሰው በዚህ መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለቱን ይበልጥ የሚለየው የሌላውን ሰው ስሜት የማንበብ ችሎታ ነው። የፓሪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳዩትም ይህንኑ ነው። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ታካሚው የፊት ፎቶዎችን አይቶ ፍርሃት ነው፣ ንዴት ነው፣ መጸየፍ ነው ይላል። በሁለተኛው አጫጭር ታሪኮች ይነበቡለታል። ለምሳሌ አንድ እንግዳ «ይሄ ዶሮ ወጥ ጨው በዝቶበታል፣ ማነው የሠራው?» ይላል፤ ወጡን የሠራችው አጠገቡ ተቀምጣለች። ድባቴ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጉል ንግግር መሆኑ ይገባዋል። ሌላኛው «ታዲያ ምን አጠፋ? በዝቶበት ከሆነ በዝቶበታል» ሊል ይችላል።

ያለ ቤተሰብ ቃል ግን ይህ ሁሉ ጎዶሎ ነው። የድባቴ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ «አእምሮዬ አልሠራ አለኝ» ብሎ ይመጣል፤ ያዝናል፣ ራሱን ይወቅሳል። የፍሮንቶቴምፖራሉን የምታመጣው ሚስቱ ወይም ልጁ ናት፤ እሱ «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። ጣፋጭ ማብዛት፣ በለቅሶ ቤት መቀለድ፣ የታመመች ሚስቱን ዞር ብሎ አለማየት፣ ይህን የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ከዚህ በፊት ድባቴ የማያውቀው ሰው ከ50 በኋላ እንዲህ ከተለወጠም መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከዚያ የአንጎልን ቅርጽ በምስል የሚያሳየው ኤምአርአይ ይከተላል፤ ከተገኘም የአንጎልን አሠራር የሚያሳየው ፔት ስካን። መጀመሪያ ላይ ኤምአርአዩ ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል «ምስሉ ደህና ነው» ተብሎ ፋይሉ አይዘጋም። ድባቴውን በደንብ አክሞ ፈተናውን ከወራት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ድባቴ ከነበረ ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ ከስሜቱ ጋር ይሻሻላል። በድባቴ መድኃኒት ትንሽ መረጋጋት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እነዚሁ መድኃኒቶች የፍሮንቶቴምፖራሉንም የባሕርይ ችግር ሊያለዝቡ ይችላሉና።