ማታ ማታ የምናየው የሆሊውድ ዜና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኢንተርቴይንመንት ቱናይት» እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1981 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሥራ ቀናት የሚታይ የግማሽ ሰዓት የዝነኞች ዜና ነው። ከ1982 እስከ 2011 ዓይን ሁሉ የሚያውቃት አቅራቢዋ ሜሪ ሃርት ነበረች። ፕሮግራሙን የማያውቀው ጥቂት ነው፤ እንዴት እንደሚሸጥና እንደሚሠራ ግን በስህተት የሚወራው ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሰዓቶችም በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

«የሲቢኤስ ፕሮግራም ነው»

አከፋፋዩ ሲቢኤስ ሚዲያ ቬንቸርስ ስለሆነ እንዲህ ቢታሰብ አይገርምም። ሆኖም በሲቢኤስ ኔትወርክ፣ ማለትም በየከተማው ላሉ አጋር ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ፕሮግራም በሚያቀርበው ድርጅት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ሲንዲኬሽን በሚባለው አሠራር አከፋፋዩ ፕሮግራሙን ይዞ ከየከተማው ጣቢያ ጋር ለየብቻ ይዋዋላል። አሜሪካ በተመልካች ልኬት 210 ገበያዎች ተብላ ተከፍላለች፤ ስለዚህ በአንዱ ከተማ የሲቢኤስ አጋር ጣቢያ ይወስደዋል፣ በሌላው የኤንቢሲ ወይም የፎክስ። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወደ ሌላ ግዛት የተዛወረ ሰው በለመደው ቻናልና ሰዓት ቢያጣው ተቋረጠ ብሎ አይደምድም፤ የዚያን ከተማ ጣቢያዎች የምሽት ዝርዝር ይመልከት።

ከሲቢኤስ ጋር ያገናኘውም የኩባንያዎች ግዢ ነው። በፓራማውንት እጅ የነበረ ፕሮግራም ነው። ቪያኮም በ1994 ፓራማውንትን ገዛ፣ በ2000 ከሲቢኤስ ጋር ተዋሐደ፤ በ2005 መጨረሻ ሲለያዩ ፕሮግራሙ ለሲቢኤስ ወገን ደረሰ። በነገራችን ላይ «ኢ! ኒውስ» ከዚህ ጎራ አይቆጠርም፤ እሱ እስከ 2025 ድረስ የራሱ የኬብል ቻናል ፕሮግራም ነበር።

«ጣቢያው ይከፍላል፤ ትርፉም ያ ብቻ ነው»

በዚህ ንግድ ዋናው መገበያያ የማስታወቂያ ደቂቃ ነው። ከ30 ደቂቃው ውስጥ ዝግጅቱ ራሱ ወደ 22 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የቀረው ለማስታወቂያ ይውላል። ያንን ጊዜ አከፋፋዩና ጣቢያው ይካፈሉታል። አከፋፋዩ ድርሻውን አገር አቀፍ ለሆኑ ኩባንያዎች ይሸጣል፤ ጣቢያው ደግሞ ለአካባቢው የመኪና ሻጭ፣ ለጠበቃው፣ ለቤት ዕቃ መደብሩ። አንዳንዱ ውል በደቂቃ ብቻ ያልቃል፣ አንዳንዱ ጥሬ ገንዘብ ይጨመርበታል።

ችግሩ የሚመጣው የሚወስዱት ጣቢያዎች ሲያንሱ ነው። አገር አቀፍ አስተዋዋቂ የሚፈልገው አብዛኛውን የአገሪቱን ቤት ነው፤ በተለምዶ ቢያንስ 70 በመቶ ይጠየቃል። ጥሩ አቅራቢና ጥሩ ወሬ ይዘው በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጠፉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ወይ በቂ ጣቢያ አያገኙም፣ ወይ ያገኙት ሰዓት እኩለ ሌሊት ይሆናል።

«ከምሽቱ 7፡30 ላይ የተቀመጠው ተመልካች ስለመረጠው ነው»

ቦታውን የከፈተው ሕግ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1970 ያወጣው ደንብ በ50ዎቹ ትላልቅ ገበያዎች ያሉ የኔትወርክ አጋር ጣቢያዎች በምሽቱ ዋና ሰዓት (ከ7 እስከ 11) ከኔትወርክ የሚወስዱትን በሦስት ሰዓት ገደበ። ከ7 እስከ 8 ያለው ሰዓት ባዶ ቀረ፤ ጣቢያዎቹም የሚሞላው ነገር ከውጭ መፈለግ ነበረባቸው። ደንቡ በ1996 ቀረ፤ የተመልካቹ ልማድና የጣቢያዎቹ ገቢ ግን ሥር ሰዶ ነበር። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ዋናው ሰዓት በአንድ ሰዓት ቀድሞ ስለሚጀምር እዚያ 6፡30 ላይ ታገኙታላችሁ።

«ቀጥታ ስርጭት ነው»

የሚቀረጸው በዚያው ቀን ነው፤ ቀጥታ ግን አይደለም። ስቱዲዮው ሎስ አንጀለስ ነው፣ የምሥራቁ ጠረፍ ደግሞ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። በኒውዮርክ ከምሽቱ 7 ሰዓት ማለት በሎስ አንጀለስ ገና ከሰዓት በኋላ 4 ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከዚያ በፊት ተቀርጾ፣ ተቆርጦ፣ ድምፁ ተስተካክሎ ወደ ጣቢያዎቹ መላክ አለበት። በሎስ አንጀለስ 4፡30 ላይ የተሰማ የፍቺ ዜና ለምሥራቁ ተመልካች አይደርስም፤ ለምዕራቡ ግን የተስተካከለ ቅጂ መላክ ይቻላል። አንድ ዘመድ ኒውዮርክ ሌላው ሲያትል ሆነው «እኔ አይቻለሁ፣ አንተ አላየህም» የሚባባሉት በዚህ ሊሆን ይችላል።

በ1981 ትልቁ አዲስ ነገርም ዝግጅቱ በሳተላይት ወደ ጣቢያዎቹ መላኩ ነበር። ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ካሴት በፖስታ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዞር ነበር፤ በዚያ መንገድ የዕለት ዜና ማቅረብ አይታሰብም።

«ዝነኞቹ ተከፍሏቸው ነው የሚናገሩት»

ተዋናዩ የሚመጣው ፊልሙን ለማስተዋወቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለቃለ መጠይቁ ክፍያ የለም። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የፊልም ኩባንያው የሆቴል ክፍሎች ይከራያል። አልጋው ይወጣል፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ከተዋናዩ ጀርባ የፊልሙ ፖስተር ይቆማል፣ መብራቱ ቀኑን ሙሉ አይነካም። ሁለት ካሜራ አለ፤ አንዱ ተዋናዩን፣ አንዱ ጠያቂውን ይይዛል። ካሜራዎቹና ባለሙያዎቹም ብዙ ጊዜ የኩባንያው ናቸው። ጠያቂዎች ኮሪደር ላይ ተሰልፈው ይገባሉ፤ ለእያንዳንዱ አራት ወይም አምስት ደቂቃ። ሰዓት የያዘ ሰው ከካሜራው ጎን ቆሞ አንድ ደቂቃ ሲቀር ጣቱን ያነሣል። ፈታኙን ጥያቄ ለመጨረሻ ያቆየ ጠያቂ ሳይጠይቅ ይወጣል፤ መጀመሪያ ላይ የጠየቀ ደግሞ የቀረውን ደቂቃ በተኮሳተረ ፊት ይጨርሳል።

ገንዘብ የሚገባው በሌላ በር ነው። የሠርግ ፎቶ ወይም የቤተሰብ ቪዲዮ ለማሳየት የባለቤትነት ፈቃድ ክፍያ ሊከፈል ይችላል፤ ይህ በወረቀት ላይ የቃለ መጠይቅ ክፍያ አይባልም። ለተመልካቹ ሁለቱን መለየት ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

«ልዩ» ተብሎ የቀረበውንም በዚህ ዓይን እዩት። ያው ፖስተር፣ ያው ወንበርና ያው ልብስ በዚያው ሳምንት ሌላ ፕሮግራም ላይ ከታየ፣ ልዩ የሆነው በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ የተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው።